አዴ ጫልቱ ያዳኗቸው ሦስት መደቦች

ባለፈው ሳምንት አምቦ መናኸሪያ ውስጥ የጉደር ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ ስጠብቅ፣ አምስት ስድስት ተማሪዎች መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሁሉም አዲስ የጎማ ቦት ተጫምተዋል። ቦት ሻንጣ ውስጥ ስለማይገባ ተማሪው ሁሉ ተጫምቶት ነው የሚጓዘው፤ በሰኔ ፀሐይ በዚያ ጫማ ሲጨነቁ ስታዩ ወዴት እንደሚሄዱ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ለተግባር ልምምድ ወደ ወረዳ እየወጡ ነው። ከመካከላቸው ቀጠን ያለች፣ ነጭ ጋዋኗን እንዳይጨማደድባት አጥፋ በክንዷ የያዘች ልጅ ወደ እኔ ዞር አለችና፣ «እትዬ፣ ጎጆ ከተማ በጣም ይበርዳል እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ሁለት ነገር ከነከነኝ። አንደኛው «እትዬ» መባሌ ነው፤ ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ሁለተኛው ጋዋኑ ነው። የጎጆ ጭቃ ነጭ ነገር አይወድም። «ሁለት ካልሲ ደርቢ፣ ጋዋኑን ግን ለፎቶ አስቀምጪው» አልኳት። ሳቀች። ሌላም የምነግራት ነበረኝ፤ ግን መኪናቸው ተጠራና ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሮጡ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ያልነገርኳት ነገር ጉደር እስክደርስ አብሮኝ ሄደ።

ተወልጄ ያደግኩት አምቦ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከስልጤ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ ከፈተ፤ ከሳሙና እስከ ምስማር፣ ከስኳር እስከ ድንች የማይሸጠው የለም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተማርኩት የዕፀዋት ሳይንስ ነው፤ እሱንም መርጬው አይደለም። እንዲያውም እስከ ሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ድረስ አፈር በእጄ ነክቼ አላውቅም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ስለ ሥር የተማርኩት ከሰሌዳ ላይ፣ ስለ ቅጠል የተማርኩት ከፎቶ ኮፒ ላይ ነው። ፎቶ ኮፒው ጥቁርና ነጭ ስለነበር የታመመ ቅጠልና ጤነኛ ቅጠል ለእኔ አንድ ነበሩ።

ስለ ዕፀዋት በሽታ ያስተማሩን ዶክተር ደረጀ የሚባሉ፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ክፍል ገቡና «የታመመ ድንች በዓይኑ ያየ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ማንም እጁን ሳያወጣ እኔ አወጣሁ።

«የት አየሽው?»

«አባቴ ሱቅ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሳቸው አልሳቁም። «ከየት የመጣ ድንች ነው?» አሉኝ።

«ከጎጆ።»

«እንግዲያው ወደ መጣበት ትሄጃለሽ» አሉና ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ለካ ጎጆ አፋፍ ላይ የጀመሩት ምርምር ነበራቸው። በክረምት ድንቹን የሚያጠፋ በሽታ አለ፤ እኛ በትምህርት ቋንቋ ሌት ብላይት እንለዋለን፣ ገበሬው ምች መታው ይላል። ቅጠሉ ዛሬ አንድ ነጥብ ያወጣል፣ በሁለተኛው ሳምንት ማሳው የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስላል። ዶክተሩ ማወቅ የፈለጉት መድኃኒቱን መቼና ስንት ጊዜ መርጨት እንደሚሻል ነው። ለዚህም ክረምቱን እዚያው ሰንብቶ በየሳምንቱ የሚቆጥርላቸው ተማሪ ያስፈልጋቸው ነበር። ሥራው የእኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል፤ ውጤቱ ካማረ ደግሞ በሳይንስ መጽሔት ሲታተም ስሜ ከስማቸው ቀጥሎ ይሰፍራል። በእኛ ክፍል እንዲህ ያለ ዕድል የደረሰው ተማሪ አልነበረም። ሳልጓዝ ገና ስሜ ታትሞ ይታየኝ ጀመር።

አንድ ደብተር ሰጡኝ። ሕጉም አንድ ነበር፤ በእርሳስ አይጻፍም። «ስትሳሳቺ በአንድ መስመር ሰርዢው። ከሥሩ ያለው ግን ይነበብ» አሉኝ። እኔ ቤታችን ውስጥ የተበላሸ ገጽ ቀድዶ በመጣል የታወቅኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም እሺ አልኩ።

ከባዱ አባቴን ማሳመን ነበር። ሴት ልጁ ብቻዋን ክረምቱን ሙሉ ደጋ ላይ ልትከርም! እናቴ ለመነችው፣ አክስቴ ተቆጣችው። በመጨረሻ «ቦታውን ራሴ ካላየሁ አይሆንም» አለና ለሱቁ ድንች በሚያመጣልን አይሱዙ ከፊት ወንበር ላይ ሁለታችንም ተጣበን ተሳፈርን። አስፋልቱን ትተን ወደ ጎጆ አቅጣጫ ስንታጠፍ መንገዱ የመንገድነት ስሙን ብቻ ይዞ ቀረ። ጉም ወርዶ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አይታይም፤ ድንገት የበጎች መንጋ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል፣ ሾፌሩ ያቆማል፣ በጎቹ እኛን ከምንም ሳይቆጥሩ ያልፋሉ። መስኮቱ አይዘጋም ነበር። አባቴ ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ፤ እሱ ግን በኮት ብቻ ሆኖ «እኔ አልበረደኝም» እያለ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

ምርምሩ የሚካሄድበት መሬት ባለቤት አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ እትዬ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አግብተው የወጡላቸው፣ ዕድሜያቸው ሃምሳውን ያለፈ፣ ሲራመዱ መሬቱን የሚረግጡ ሳይሆን የሚያዙት የሚመስሉ ሴት ናቸው። የማድረውም እሳቸው ቤት ነው ተባለ። አባቴ ስማቸውን ሲሰማ ፊቱ ፈታ አለ። ለካስ ሱቃችን ከሚመጣው ድንች የአንዱ ጆንያ ጌታ እሳቸው ነበሩ፤ በመልክ ባይተዋወቁም በጆንያ ይተዋወቃሉ። «የእኚህ ሴት ድንች ላይኛውና ታችኛው አንድ ነው፤ ከሥር ኮረት አያደርጉበትም» አለኝ በጆሮዬ። ለአባቴ ከዚህ የበለጠ የምስክር ወረቀት የለም።

ሲሰናበት ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «አዴ ጫልቱ፣ ልጄን አደራ» አላቸው። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኔ ያኔ ይህን እንደ ተራ ስንብት ነው ያየሁት፤ ሐሳቤ ሁሉ ደብተሬ ላይ ነበር።

በማግስቱ ለእኔ ብቻ የሚሆን አዲስ ድስት ገዝተው ጠበቁኝ። «ያንቺ ሃይማኖት የኛን ሥጋ እንደማይበላ አውቃለሁ፤ ይሄ ድስት ሥጋ ነክቶት አያውቅም፣ አይነካውምም» አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ድስት ያልበላሁት የድንች ዓይነት የለም፤ የተቀቀለ በዳጣ፣ በቅቤ የተለወሰ፣ ከጎመን ጋር የተፈተፈተ። ጠዋት የገብስ ቂጣ በወተት፣ ማሳ ስወርድ ደግሞ በላስቲክ የተቋጠረ በሶ ኪሴ ውስጥ ይከቱልኛል። በሁለት ወር ውስጥ ጉንጬ ሞላ፤ ጎጆ ሲበርደኝ ብቻ ሳይሆን ስወፍርም ያየችኝ ከተማ ናት።

የምንግባባው በኦሮምኛ ነበር፤ እዚህ ግን በአማርኛ እጽፈዋለሁ። የእኔ ኦሮምኛ የሱቅ ነው። ስኳር እመዝንበታለሁ፣ ሰላምታ እሰጥበታለሁ፣ «አነሰ» ለሚለኝ ሰው እመልስበታለሁ። ሳይንስ ግን አስረድቼበት አላውቅም። ችግሩም የተወለደው ከዚሁ ነው።

ማሳው ላይ ዐሥራ ሁለት መደቦች ነበሩ። ዘጠኙ በተለያየ ቀን መድኃኒት ይረጭባቸዋል። ሦስቱ ግን ምንም አይነካቸውም፤ በሽታው እንዳሻው ይሆንባቸዋል። እነዚህን ኮንትሮል እንላቸዋለን። መድኃኒት ባይኖር ምን ይደርስ እንደነበር የሚታየው በእነሱ ነው፤ እነሱ ከሌሉ የቀሩት ዘጠኙ ምንም አይናገሩም። የወረዳው ባለሙያ ሲረጭ እኔ እመዘግባለሁ፣ አዴ ጫልቱ ደግሞ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ዳር ቆመው ያያሉ። በመጀመሪያው የርጭት ቀን ወደ ሦስቱ መደቦች እያመለከቱ፣ «እነዚህኞቹስ ለምን ታለፉ?» አሉኝ።

«ዶክተሩ ያዘዙት ነው።»

«ምን አጥፍተው?»

ሳቅሁ። ቁጭ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ቃሉ ባይኖረኝ እንኳ በጣቴ፣ በጠጠር፣ በሆነው ነገር ላስረዳ እችል ነበር። እኔ ግን «ቢነገራቸውስ ይገባቸዋል?» ብዬ አለፍኩት። ድንች ሲተክሉ ሠላሳ ዓመት ለኖሩ ሴት፣ ድንች በፎቶ ኮፒ የምታውቅ ልጅ እንዲህ አሰበች። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሐምሌ ሲጋመስ ምች ገባ። ቅጠሎቹ ላይ ጠይም ነጥብ፣ ከነጥቡ ዙሪያ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሻጋታ። ሦስቱ መደቦች ሽታቸው ተለየ፤ እርጥብና ጎምዛዛ፣ ከልብስ የማይለቅ ሽታ ነበር። በየሳምንቱ ተንበርክኬ ከመቶ ስንት እጅ እንደተመታ እገምትና እጽፋለሁ። ዐሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ አምስት። ቁጥሩ ሲጨምር እኔ በልቤ ደስ ይለኛል፤ ምርምሩ እየሠራ ነዋ! አዴ ጫልቱ ግን በዚያ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ ጥርሴን አመመኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ አባቴ በየሾፌሩ የሚልክልኝን ከረሜላ ቀን ከሌት ስቆረጥም አዴ ጫልቱ «ጥርስሽ ይረግፋል» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ስለዚህ ልነግራቸው አፈርኩ። አንድ ጠዋት ማሳው ዳር፣ ከሦስቱ መደቦች አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ጉንጬን በእጄ ይዤ አለቀስኩ። እሳቸው ከበሩ ሆነው አዩኝ። በእኛ አገር እጁን ጉንጩ ላይ ጭኖ የሚቀመጥ ሰው ወይ ሞቶበታል ወይ ሊሞትበት ነው። መጥተው እጄን ከፊቴ ላይ አነሱና፣ «ተይ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጥሩ አይደለም» አሉኝ። የሚሞቱትን መደቦች አዩ። ደብተሩን አዩ። እኔን አዩ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

በማግስቱ «ዶክተሩ ይፈልጉኛል» ብዬ ወደ አምቦ ወረድኩ። ውሸት አልነበረም፤ የግማሽ ክረምት ሪፖርት ማቅረብ ነበረብኝ። ግን የቸኮልኩት ለጥርሴ ነው። አስነቀልኩት፣ ሪፖርቱን አቀረብኩ፣ ዶክተሩ ሠንጠረዡን አይተው «ቀጥዪ» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ «ቀጥዪ» ማለት ጭብጨባ ነው። እናቴ ቤት ዐሥር ቀን በሾርባ ተንደላቅቄ ተመለስኩ።

ስመለስ በቀጥታ ወደ ማሳው ነው የሄድኩት። ቆምኩ። የቆጠራ ቀኔ ነበር፤ ሦስቱን መደቦች ከግማሽ በላይ ሞተው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። እነሱ ግን ለምልመዋል። ከሥር ያሉት ቅጠሎች ደርቀዋል እንጂ አናታቸው አዲስ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ሕፃን ጥፍር የሚያብለጨልጭ ቅጠል አውጥቷል። ምች የመታው ድንች በራሱ አይድንም። ተንበረከክሁና ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው፣ ነጣ ያለ የመድኃኒት ጠባሳ አለበት።

አዴ ጫልቱ ከኋላዬ መጥተው ቆመዋል። ፈገግታቸው ፊታቸውን አልበቃው ብሏል። «አየሻቸው? አሁን ማንም አይጥልሽም፤ ታልፊያለሽ!» አሉኝ።

የሆነው ወዲያው ገባኝ። ሦስቱ መደቦች ፈተናዬ መስለዋቸዋል። ልጅቱ መደቦቿ ሞቱባት፣ አለቀሰች፣ መምህሯ ጠሯት፣ ልትባረር ነው። እሳቸው ደግሞ በአደራ ተቀብለዋታል። ስለዚህ ከጎረቤት የጀርባ መርጫ ተውሰው፣ በማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ረጩላት። አልፈውም መደቦቹን አፈር አሳቀፉላት።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጮህኩባቸው። «አበላሸሽብኝ!» አልኳቸው። «የዓመት ሥራዬን ገደልሽው! ማን ንኪ አለሽ?» በእናቴ ዕድሜ ያሉትን ሴት፣ ከአንቱ ወርጄ፣ በራሳቸው ማሳ ላይ፣ በራሳቸው ቋንቋ።

ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ዝም ብዬ ሲሞት ልየው?» አሉ፤ ጥያቄ ነበር፣ መልስ የሚጠብቅ። ጥዬአቸው ሄድኩ። በዚያን ቀንም በማግስቱም አልተነጋገርንም፤ ድስቱ ግን በሰዓቱ በሬ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ጎጆ ውስጥ ቶሎሳ የሚባል የክፍሌ ልጅ ነበር፤ እሱ በገብስ ላይ ነው የሚሠራው። ሄጄ ነገርኩት። ብዙም አልደነቀውም። «በቃ ካለፈው ቁጥር ላይ ጨምሪበት። ሃምሳ፣ ስድሳ አምስት፣ ሰማንያ በይ። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቷል፣ ዶክተሩ እስከ መስከረም አይመጡም፤ በመስከረም ደግሞ ቅጠል የሚባል ነገር አይኖርም። ማን ያያል?» አለኝ። ቶሎሳ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ዛሬም ወዳጄ ነው። የነገረኝ ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው።

ተቀምጬ ጻፍኩት። በደብተሩ ላይ ሳይሆን በተለየ ወረቀት፤ ደብተሩ ላይ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ላመለጠኝ ሳምንት ሃምሳ ሁለት፣ ለዚህኛው ስድሳ ሰባት። እውነት እንዲመስል አንዱን መደብ ትንሽ ዝቅ፣ ሌላውን ትንሽ ከፍ አደረግሁት። እንዴት እንዳማረ! ከእውነተኛው ቁጥር ይልቅ እውነት ይመስል ነበር። ይህን ወረቀት አምቦ ወስጄ ካስረከብኩ ጽሑፌ ይተርፋል፣ ስሜ ይታተማል። ካላስረከብኩ የዓመቱ ሥራ ዋጋ የለውም፤ ከጓደኞቼ ጋር መመረቄም ያጠራጥራል። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ አይሱዙው ሲነሳ፣ አዴ ጫልቱ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበር ይዘው አገኘኋቸው። ከኋላ ከጆንያዎቹ ጋር ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች ከነዱላቸው ተቀምጠዋል። አንደኛው ጎረቤታቸው ኦቦ ቶሌራ ናቸው፤ የሌላኛውን ስም ረስቼዋለሁ። «ወዴት ነው?» አልኩ።

«ዶክተሩ ዘንድ» አሉኝ መንገዱን እያዩ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር እንዲሉሽ ሽምግልና ይዤ እየሄድኩ ነው።»

ሽማግሌ ልኮ ትዳር ይጠየቃል፣ ደም ይደርቃል፣ ድንበር ይታረቃል። ለምርምር ውጤት ሽማግሌ ሲላክ ግን እኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። መንገዱን በሙሉ ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ከጆንያ ይከብድ ነበር።

የትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ተደግፈው ሲቆሙ ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተነሳች። ዶክተር ደረጀ በር ከፍተው ሲያዩን ግራ ገባቸው፤ ቢሆንም የአገሩ ልጅ ናቸውና ወዲያው ወንበር አስመጡ። ኦቦ ቶሌራ አልተቀመጡም። ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጀመሩ። «ዶክተር፣ ለልመና መጥተናል። ይህች ሴት ባለማወቅ አጥፍታለች። ልጅቱ የለችበትም። ቅጣት ካለ እኛ ላይ ይሁን፤ ልጅቱን ከትምህርቷ አያውጡብን።» አዴ ጫልቱ ቀጠሉና የሆነውን ሁሉ ተናገሩ፤ ልቅሶዬን፣ የጉንጬን ነገር፣ መርጫውን። አንድም ነገር አልሸፋፈኑም።

ዶክተሩ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ከዚያ፣ «መድኃኒቱን ከየት አመጡት?» ብለው ጠየቁ።

«ለራሴ ማሳ ያስቀመጥኩት ነበር።»

«የእርስዎስ ማሳ?»

አዴ ጫልቱ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እሱ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።»

ይህን አላውቅም ነበር። ከጓሮ ያለው የራሳቸው ድንች ጠቁሮ ማየቴን አሁን አስታወስሁ፤ አይቼው አልፌው ነበር። ማሳው የእኔ ስላልነበረ በደብተሬ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ሰሚራ፣ የምትጨምሪው አለ?» አሉኝ።

የለም ብል በቃኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነፃ አውጥተውኛል፤ የወረቀቱን ነገር ከቶሎሳ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አሁን ደግሞ እውነቱ ስለወጣ ወረቀቱ ለምንም አይጠቅምም፤ ኮሪደሩ ላይ ቀድጄ መጣል እችላለሁ። ቦርሳዬን ከፈትኩና ወረቀቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ይህን ልሰጥዎት ነበር የመጣሁት» አልኩ።

አነበቡት። «ያምራል» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ብትሰጪኝ አምንሽ ነበር።» ሌላ ቁጣ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ከዚያ ተነስተው በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። «የሚለመነው እኔ አይደለሁም፤ የምለምነው እኔ ነኝ። በሰው መሬት ላይ እህል ሊሞት ፈርጄ ባለመሬቷን አላስፈቀድኩም። የሚተከለውን እንጂ የሚሞተውን አልነገርኳቸውም። ይቅር በሉኝ» አሉ። ኦቦ ቶሌራ አዴ ጫልቱን አዩ፤ አዴ ጫልቱም «ይቅር ብያለሁ» አሉ፤ እንደ ንግሥት።

ዶክተሩን አስተማሪዬ አድርጎ በልቤ የቀረጸብኝ ከዚያ የሆነው ነገር ነው። ዶክተሩ ደብተሬን ተቀብለው እስክሪብቶ አወጡና አዴ ጫልቱን ይጠይቁ ጀመር። በየትኛው ቀን ረጩ? ጠዋት ወይስ ከሰዓት? ስንት መርጫ? ዝናብ ከስንት ቀን በኋላ ጣለ? እሳቸውም የገበያውን ቀን፣ የበዓሉን ቀን እየቆጠሩ፣ አንዲት ሳያዛንፉ መለሱ። የቆጠራ ሠንጠረዤ ላይ «ኮንትሮል» የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ሰርዘው፣ ከጎኑ «በባለመሬቷ በወይዘሮ ጫልቱ ተረጨ» ብለው ጻፉ። የተሰረዘውም ይነበብ ነበር።

የመጽሔቱ ነገር እዚያው ቀረ። ኮንትሮል የሌለው ምርምር አይታተምም። ሥራውን በበልግ እንድደግመው ተፈቀደልኝ፤ በበልግ ግን ምች እንደ ክረምት አይበረታም፣ ውጤቱም ስስ ሆነ። ከጓደኞቼ ጋር ተመረቅሁ፤ ጽሑፌ «በቂ ነው» ተባለ፣ ከዚያ በላይ ምንም አልተባለም።

አዴ ጫልቱን ይቅርታ የጠየቅኳቸው የዚያኑ ቀን ወደ ጎጆ ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ ነው። «ጥርሴን ነበር ያመመኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሾፌሩም ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። በበልጉ መደብ ስንለካ ቁጭ ብዬ በጠጠር አስረዳኋቸው፤ ይሄኛው የሚሞተው ሌሎቹ ለምን እንደኖሩ እንድናውቅ ነው አልኳቸው። «ቀድሞ ይሄን ብትይኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ያንን በልግ ሦስቱን መደቦች የጠበቁት እሳቸው ናቸው። ማንም እንዳይነካቸው ጎረቤቱን ሁሉ አስጠነቀቁ። ፊታቸውንም አላዞሩም፤ በየጠዋቱ ከእኔ ጋር እየተንበረከኩ ስንት እጅ እንደተመታ ይገምቱ ነበር፤ ግምታቸው ከእኔ ይሻል ነበር።

አሁን በምርምር ጣቢያ ነው የምሠራው። በየክረምቱ ተማሪዎች ይመደቡልኛል። ችካል ከመተከሉ በፊት ባለመሬቱ ዘንድ ሄደን፣ የትኛው መደብ እንደሚተውና ለምን እንደሚተው ተነጋግረን እናስፈቅዳለን። አንዳንዱ እምቢ ይላል። ዘንድሮ አንድ ሽማግሌ «በመሬቴ ላይ አውቄ እህል አልገድልም» አሉኝ፤ ተማሪው ሊከራከር ሲል እጁን ያዝኩትና ሌላ መሬት ፍለጋ ሄድን።

ከመናኸሪያው በተመለስኩበት ማታ ለአዴ ጫልቱ ደወልኩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሟል፣ በጎቹ ደህና ናቸው። ስለነዚያ ቦት ስለተጫሙት ልጆች ነገርኳቸው። ከዚያ በዐሥር ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጠየቁኝ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ያኔ ድንቹን ብተወው ኖሮ ትልቅ ሰው ትሆኚ ነበር?»

ለካ ይህን ተሸክመው ኖረዋል። «ኧረ አልሆንም!» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ለእሳቸው መዋሸት አልቻልኩም። «ጽሑፉ ይታተም ነበር» አልኳቸው። «ምናልባት ውጭ አገር እማር ነበር። ግን መዋሸት እንደምችል አላውቅም ነበር፤ መተው እንደምችልም አላውቅም ነበር።»

«ድንቹስ?» አሉ።

«ድንቹማ ይሞት ነበር።»

«እንግዲያው ደግ አድርጌያለሁ» አሉና፣ እንደ ልማዳቸው ሳይሰናበቱኝ ስልኩን ዘጉት።